በስክሪኑ ላይ የቆመው መስመር

ይህን ነገር ሳልናገር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ረስቼው አይደለም። ብናገር የሚጎዳ ሰው ስለነበረ ነው። አሁን ያ ሰው ስለሌለ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ወደ መጨረሻው ግድም። ያኔ ቢቸና ውስጥ በአንድ የእርሻ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ደመወዜ ትንሽ፣ ኩራቴ ትልቅ ነበር። ኩራቴ የመጣው ከኮምፒዩተሩ ነው። ፕሮጀክቱን የሚረዱት ፈረንጆች አንድ ኮምፒዩተር አምጥተው ነበር፤ የከተማው ሰው «ሳጥኑ» ይለዋል። ለጥቂት ሳምንታት አዲስ አበባ ልከው ስላሠለጠኑኝ፣ ከፈረንጁ ኤክስፐርት ሌላ የምነካው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እውነቱን ለመናገር የማውቀው ጥቂት ትእዛዝ ነው። «ዲር» ብላችሁ ስትጽፉለት በዲስኬቱ ላይ ያሉትን ፋይሎች ስም ይደረድርላችኋል። «ታይፕ» ብላችሁ የአንዱን ፋይል ስም ስታስከትሉ ደግሞ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ በጥቁሩ ስክሪን ላይ በአረንጓዴ ፊደል ያወጣዋል። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤ ትጽፋላችሁ፣ ይመልስላችኋል። በቢቸና ሰው ፊት ግን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ እኔም ቀላል አስመስዬው አላውቅም።

አባቴ ቄስ ጥሩነህ ሞጣ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር የሚያገለግሉ፣ የመንደሩ ሁሉ የነፍስ አባት ነበሩ። እናቴ ከሞተች በኋላ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኔም ከእሳቸው ሌላ የቅርብ ዘመድ የምለው አልነበረኝም። በራሳቸው ጾም ላይ ድርቅ ያሉ፣ ለሌላው ሰው ግን ለስላሳ ነበሩ። የታመመ ምእመን ሲመጣ «እግዜር ይፍታህ፣ ብላ» ለማለት አይዘገዩም፤ ራሳቸው ግን ወባ እያንዘፈዘፋቸው እንኳ በጾም ወተት አይቀምሱም ነበር።

ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ። እሑድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሲሰጥ ጭቃ የበላውን ጫማዬን እያጠብኩ ነበር። የተከራየሁት ክፍል ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ነው። የግቢያችን ዘበኛ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ጮኸ።

«የሺ! ስልክ! ከሞጣ ነው፣ ፍጠኝ ይላል!»

ባዶ እግሬን ሮጥኩ። መስመሩ እንደ ልማዱ ይንሾካሾካል። ደዋዩ የሞጣው ጤና ረዳት ጋሽ ዓለሙ ነበር፤ ለሥራ ወደ ቢቸና ሲመጣ የሚጠይቀኝ፣ አባቴንም የሚያከብር ሰው።

«የሺ፣ አንቺ ነሽ? አትደንግጪ» አለኝ። እንዲህ የተባለ ሰው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአባቴ መንደር ያሉት የአምራቾች ማኅበር ገበሬዎች ከፕሮጀክታችን የወሰዱት የስንዴ ዘር ነበር፤ ከነቀዝና ከዋግ እንዲጠብቀው መድኃኒት የተለወሰ፣ ቀይ ቀለም የተነከረ። ሳይዘራ የተረፈው መጋዘን ተቀምጦ ነበር። ነሐሴ ደግሞ በየቤቱ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ወር ነው። ሴቶቹ ዘሩን ወንዝ ወስደው ደጋግመው አጠቡት። ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መሰላቸው። ነጭ ሆኖ ሲያዩት አምነው ቀቀሉት። እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ዝክር ነበረና ንፍሮው ለሕዝቡ ታደለ፤ አባቴም ባርከው ቀመሱ።

«ያንዘፈዝፋቸዋል» አለ ዓለሙ። «ልጆቹ ይብሳሉ። በቃሬዛ እየተሸከሙ እያመጧቸው ነው። አባትሽም እዚህ አሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል እንጂ ይናገራሉ።»

«ምን ሰጠሃቸው?»

«ምን እሰጣለሁ! ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለኝ። ለአንዱ መርዝ የሚያድነው ለሌላው ይጎዳል ብለው አስተምረውናል። ይኼ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ጆንያው ላይ የእንግሊዝኛ ስም አለ፤ ሌላው ተፍቋል። ያ ፈረንጅ ስለ ዘር መድኃኒቶቹ ሁሉ ጽፎ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጧል ብለሽኝ አልነበር?»

ብዬዋለሁ። እንዲያውም ስኩራራ ነው ያልኩት። ፈረንጁ ለክረምት ዕረፍት አገሩ ሄዷል፤ የዘር ባለሙያችን አዲስ አበባ ነው።

«አሁን ወተት እያጠጣናቸው ነው» አለ ዓለሙ። «ሰው ከየቤቱ ወተትና የቀለጠ ቅቤ እያመጣ ነው። ጾም ነው ብለው ሲያመነቱ አባትሽ ‹ይፍታችሁ፣ ጠጡ፣ ለልጆቹም ስጡ› ብለው ፈቱላቸው። ራሳቸው ግን እምቢ አሉ። እኔ ምን ሆኜ ነው ጾሜን የምሽር ይሉኛል። እስቲ አንቺ አንድ ነገር በያቸው።»

«አጠጣቸው!» ብዬ ጮህኩ። «የሺ ናት ያለች በላቸው! እምቢ ካሉ ይዛችሁ አጠጧቸው!»

«እሺ፣ እሞክራለሁ። አንቺ ያንን ነገር ፈልጊልኝ። መስመሩን አልዘጋም።»

የኮምፒዩተሩ ክፍል ቁልፍ ያለው ጓድ በላይ ዘንድ ነው። ጓድ በላይ የጽሕፈት ቤታችን የፖለቲካ ኃላፊ ነበር፤ ሞተር ብስክሌት ያለው፣ ሲናገር ጣቱን የሚያወዛውዝ ሰው። በእሑድ የሚገኘው ቀበሌ አዳራሽ፣ ውይይት ክበብ ላይ ነው። በጭቃ እግሬ ዘው ስል ንግግሩን አቁሞ አፈጠጠብኝ።

«ጓዲት የሺ፣ ምን ማለት ነው ይኼ?»

እየተንተባተብኩ ነገርኩት። አዳራሹ ውስጥ ሴቶቹ ደረታቸውን ደቁ። እሱ ግን ግንባሩን አኮማተረ።

«ያለ ፈረንጁ ትእዛዝ፣ ያለ ደብዳቤ፣ በእሑድ ቀን ያንን ዕቃ? ቢቃጠልስ? የመንግሥት ንብረት መሆኑን ዘነጋሽው?»

«ሰው እየሞተ ነው፣ ጓድ በላይ።»

«ገብቶኛል። ግን ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?»

«እኔ! ይሰሩኝ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ። አባቴ እዚያ ናቸው!»

ጓድ በላይ ሰዉን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ ቁልፉን አወጣ። በሞተሩ ጀርባ ጭኖኝ ሄደ።

በዚያ ዘመን ቢቸና ቀን መብራት የላትም፤ ኮምፒዩተሩ የሚሠራው በትንሽዬ ጄኔሬተር ነው። ዘበኛው ገመዱን ቢስብ፣ ቢስብ አልነሳ አለ። ታንከሩ ውስጥ ቤንዚን አልነበረም። ጓድ በላይ ምንም ሳይል የጎማ ቱቦ ፈልጎ ከሞተሩ ታንከር ውስጥ ነከረ፣ በአፉ ሳበ፣ ተፋ፣ ለጄኔሬተሩ ቀዳለት። የሚያገኘው ቤንዚን ተለክቶ በሚታደል ኩፖን መሆኑን ስለማውቅ በሆዴ አመሰገንኩት። ጄኔሬተሩ ተነሳ።

ስልኩ ያለው ፊት ለፊት ባለው ክፍል ነው። ገመዱ ቢለጠጥ ከኮምፒዩተሩ ክፍል ደፍ አያልፍም። ስለዚህ ጓድ በላይ እጀታውን ይዞ ደፉ ላይ ቆመ፤ እኔ ከውስጥ ያነበብኩትን ተርጉሜ ልነግረው፣ እሱ ለዓለሙ ሊያስተላልፍ።

ዲስኬቶቹ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ። ስለ ዘር መድኃኒቶች የሚለውን አውጥቼ ከተትኩ። «ዲር» ብዬ ጻፍኩ። ስሞቹ ተደረደሩ። ዓለሙ የጆንያውን ስም ፊደል በፊደል ሲል፣ ጓድ በላይ ተቀብሎ ሲጮህልኝ፣ እኔ በጣቴ ስከተል ከፋይሎቹ አንዱ ላይ ደረስኩ።

«አለ!» አልኩ።

«አለ ትላለች!» አለ ጓድ በላይ ወደ ስልኩ። ከወዲያ ብዙ ሰው «እልል» ሲል እዚህ ድረስ ተሰማኝ።

«ታይፕ» ብዬ የፋይሉን ስም ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ጽሑፉ መጣ፤ መጣና አልቆም አለ። ፋይሉ ረጅም ነው፣ ስክሪኑ ትንሽ ነው። ከታች አዲስ መስመር በገባ ቁጥር ከላይ ያለው ይጠፋል። ዓይኔ አንዱን ቃል ሳይዝ ሌላው ያልፋል። መጨረሻ ላይ ሲቆም ስክሪኑ ላይ የቀረው የፋይሉ ጭራ ብቻ ነበር።

«ምን ይላል?» አለ ጓድ በላይ።

«ዘሩን የነካ ሰው ልብሱን አውልቆ በሳሙና ይታጠብ ይላል።»

«ልብሳቸውን አውልቃችሁ በሳሙና እጠቧቸው!» ብሎ ጮኸ።

«ሌላም አለ፣ አልፎኝ ነው፤ ከላይ ነበር።»

ደግሜ ጻፍኩ። ደግሞ ሮጠ። እኔ እስከዚያ ቀን የሚረዝም ነገር የማነበው በፕሪንተር አትሜ ነው፤ ፕሪንተሩ ደግሞ ለጥገና ሄዷል። ፈረንጁ ግን ስክሪኑ ላይ ሲያነብ አይቼዋለሁ፤ በአንድ እጁ አንድ ነገር ይዞ በሌላው ጫን ሲያደርግ ጽሑፉ ባለበት ደርቆ ይቆማል። የትኛው ነበር? እጁን በዓይነ ሕሊናዬ ለማየት ሞከርኩ። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጥግ ላይ ያለውን «ኮንትሮል» የሚለውን ትይዛለች። ቀጥሎ ያለው ጠፋኝ። በሦስተኛው ሩጫ ላይ ያንን ይዤ በአካባቢው ያሉትን ፊደሎች አንድ በአንድ ነካሁ። «ኤስ» ላይ ስደርስ ጽሑፉ ቆመ።

ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ዓይነቱን ይናገራል። የትኛው መድኃኒት እንደሚሰጥና የትኛው ፈጽሞ እንደማይሰጥ ይናገራል። ተረጎምኩ፤ ጓድ በላይ አስተላለፈ። ዓለሙ የሚሰጠውን ስላገኘ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» ሲል ሰማሁ። በሽተኛው ጨለም ባለ ጸጥተኛ ቦታ ይተኛ፣ አይነካካ ይላል። እሱንም አልኩ። ጽሑፉን ትንሽ ለቀቅኩትና መልሼ አቆምኩት።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«ቀጥይ እንጂ!» አለ ጓድ በላይ።

«ወተት፣ ቅቤ፣ ዘይት፣ ማናቸውንም ስብ ያለበት ነገር አትስጡ ይላል። መርዙን ቶሎ ወደ ደም ያስገባዋል ይላል።»

ጓድ በላይ አልጮኸም። እጀታውን ደረቱ ላይ ለጠፈውና «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት። ስልኩን ለዘበኛው ሰጥቶ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየተከተለ ራሱ አነበበ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማረ ሰው ስለነበር አልተቸገረም። ከዚያ ወጥቶ እጀታውን ተቀበለና፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስታ ተናገረ።

«ጓድ ዓለሙ፣ ብቻህን ነህ? ሰው ከአጠገብህ ካለ አርቀው። ወተቱን አስቁም። አዎ፣ አሁኑኑ። መርዙን የሚያባብሰው እሱ ነው።»

ሲያዳምጥ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሁሉም ጠጥተዋል ነው የሚለው» አለኝ።

እንዴት ከወንበሬ እንደተነሳሁ አላስታውስም። እጀታውን ከእጁ መነተፍኩት።

«ጋሽ ዓለሙ! አባቴስ? አጠጣሃቸው? ይዘህ አጠጣሃቸው?»

መስመሩ ይንሾካሾካል። ከወዲያ ሰው ያለቅሳል።

«ሁለት ሰው ያዛቸው» አለ ዓለሙ። «ዋንጫውን አፋቸው ላይ አድርጌ ነበር። ጥርሳቸውን ነከሱብኝ። ሁሉም ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። አንድ ጠብታ አልዋጡም፣ የሺ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ደስታ ነበር የተሰማኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ የሌላው ሰው ልጅ ወተቱን ጠጥቶ፣ የእኔ አባት ባለመጠጣታቸው ደስ አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ነው ሌሎቹን ያሰብኩት፣ ያፈርኩትም።

ዓለሙ ወተቱን አስከለከለ። ሰዉ ለምን ሲለው «መድኃኒቱ ከወተት ጋር አይስማማም» አለ። ብዙ ያልጠጡትና መድኃኒቱ ቶሎ የደረሳቸው ተረፉ። ሌሎች፣ በተለይ እናቶቻቸው አብዝተው ያጠጧቸው ልጆች፣ በዚያ ምሽትና በማግስቱ አለፉ።

እኔ ሞጣ የደረስኩት ከቀናት በኋላ ነው። ወንዞቹ ሞልተው ነበር፤ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግሬ ሄድኩ። ከአባቴ ግቢ ስደርስ የደብሩ ቅጥር ውስጥ አዲስ የተቆፈረው አፈር ገና ዝናብ እየጠጣ ነበር። አባቴ መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ተነሳሁ።

«የሺዬ፣ ያ ሳጥን ምን አለሽ?» አሉ።

«መድኃኒቱን ነገረን፣ አባባ።»

«እሱንማ ዓለሙም ነግሮኛል። ወተቱን ምን አለ? ዓለሙ ወተቱን ካስቆመ ወዲህ ዓይኔን ይሸሻል። ካህን ነኝ፤ ሰው ዓይኔን ሲሸሽ አውቃለሁ።»

ልዋሽ አስቤ ነበር። አባቴ ግን ሲጠይቁ ዓይናቸውን ከሰው ላይ አያነሱም። መስመሩን እንዳለ ነገርኳቸው። ደግመሽ በይው አሉኝ፤ ደገምኩት። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ከእኔ ጋር አብረው አሉት።

«እንግዲያ የፈታሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«አላወቁም ነበር፣ አባባ። ማንም አላወቀም።»

«አላወቅሁም። እኔስ ቄስ ነኝ፣ የምሸከምበት አለኝ። እነሱ ግን ምን አላቸው? ማንጠግቦሽ ሁለቱንም ልጆቿን በገዛ እጇ ነው ያጠጣች። ያለቻት አንዲት ላም ናት። ትላንት መጥታ ምን አለችኝ? ‹አባ፣ ልጆቼ ተርበው አልሞቱም፤ ወተት ጠግበው ነው የሞቱ› አለችኝ። መጽናኛዋ እሱ ነው። ይኼን ከእሷ ልውሰድባት?»

ጋቢያቸውን ሰብስበው ቀጠሉ።

«ለማንም እንዳትናገሪ። ዓለሙም እንዳይናገር ንገሪው፤ ያን ስልክ የያዘውንም ሰውዬ ለምኝልኝ።»

ለመንኩት። ጓድ በላይ እንደ ወትሮው ጣቱን አላወዛወዘም። «እኔ ከስብሰባ ሌላ የምናገርበት ቦታ የለኝም፤ በስብሰባ ላይ ደግሞ ይኼ አይነገርም» አለኝ። ቃሉን ጠበቀ።

ዝምታችን ግን ያላሰብነውን አመጣ። መንደሩ አሰበ። ጾም የሻሩት ሞቱ ወይም በጭንቅ ተረፉ፤ በጾማቸው የጸኑት ቄስ ግን በሦስተኛው ቀን ተነስተው ቀደሱ። ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይበል? አባቴን ቅዱስ አደረጓቸው። ከሩቁ ከጉንደ ወይን ሳይቀር እየመጡ መስቀላቸውን መሳለም ጀመሩ። «ጾም ያዳናቸው አባ» ይሏቸዋል። እሳቸው ያንን በሰሙ ቁጥር ፊታቸው እንዴት እንደሚጠቁር ያየሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን «ለምን ዝም ይላሉ?» ብላቸው፣ «ቅዱስ መባሉን ትተሽ እዳውን ብታዪው ኖሮ አትጠይቂኝም ነበር» አሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን አላስተባበሉም፤ ደስ ብሏቸውም ሲስቁ አላየሁም።

አንባቢዬ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የተለወጥኩት ምን ላይ እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ትንሽ ነገር ነው። ምንም ጽሑፍ ቢሆን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውም ቢሆን፣ ሰው ጥድፊያ ላይ ነኝ ቢለኝም፣ ከላይ ካልጀመርኩ አላምነውም። መርዝ የነካውን እህልም አጥቦ መብላት የሚቻል የሚመስለው ሰው ዛሬም አለና፣ እባካችሁ፣ ቀለሙ ይልቀቅ እንጂ መርዙ እዚያው ነው። ሌላው ለውጥ ትልቅ ነው፣ እሱን ለመናገር ግን ቃል ያጥረኛል። እውነት የያዘ ሰው ሁሉ መናገር አለበት ብዬ አምን ነበር። አሁን እንዲያ አላምንም፤ ዝም ማለቱም ግን ልክ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። አባቴን ምን ያህል እንዳስረጃቸው አይቻለሁ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ባለፈው ክረምት አረፉ። ከዚያን ቀን እናቶች የመጨረሻዋ እሳቸው ነበሩ፤ ይህን ዛሬ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ከማረፋቸው በፊት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። እጄን ይዘው ስለ ሁለቱ ልጆቻቸው ሲያወሩኝ ቆዩ።

«ልሄድ ነው መሰለኝ፣ የሺ» አሉኝ። «ቢፈቀድልኝ ወተት ይዤላቸው ነው የምሄድ። ያን ቀን እንዴት ጠጥተውልኝ ነበር መሰለሽ። ደስ ይላቸው ይሆን?»

«ደስ ይላቸዋል፣ እትዬ» አልኳቸው።